ቲ ሴል በአልጂኔት ጄል ማሳደግ፦ ጅማ ላይ ያስቸገረን ካልሲየም

ቲ ሴል (በሽታን የሚከላከል የነጭ ደም ሴል) በሰውነት ውስጥ የሚባዛው ለስላሳ በሆነው የሊምፍ ዕጢ ውስጥ ነው። ለሕክምና ሲፈለግ ግን ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ይቀመጣል። እኛ የሞከርነው ከቡናማ የባሕር አልጌ የሚወጣውን አልጂኔት ነው፤ በካልሲየም ይረጋል፣ በሲትሬት መልሶ ይሟሟል። ለምግብ የተዘጋጀውን ግን አትግዙ፤ ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ መርዝ) ሊኖርበት ስለሚችል ሴሎቹን ያለፍላጎታችሁ ይቀሰቅሳል።

ደሙን በፊኮል (የደም ሴሎችን በክብደታቸው የሚለይ ፈሳሽ) ላይ በ400 ጂ (የስበት ኃይል 400 እጥፍ) ለ30 ደቂቃ፣ ያለ ብሬክ አሽከርከርነው። ከነጩ ቀለበት የወሰድናቸውን ሴሎች 4.5 ማይክሮን ስፋት ባላቸው የሲዲ3 እና የሲዲ28 (በቲ ሴል ገጽ ላይ ያሉ ፕሮቲኖች) ፀረ እንግዳ አካል በለበሱ ማግኔታዊ ቅንጣቶች፣ ለአንድ ሴል አንድ ቅንጣት፣ ለሦስት ቀን ቀሰቀስናቸው። ቲ ሴልን የሚያባዛው ፕሮቲን ኢንተርሉኪን 2 በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነበር። ቅንጣቶቹን በማግኔት ካነሳን በኋላ አንድ ሚሊዮን ሴል በአንድ ሚሊ ሊትር 1.5 በመቶ አልጂኔት ውስጥ ቀላቅለን፣ በ27 ጌጅ መርፌ ወደ 100 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ አንጠበጠብን። አምስት ደቂቃ ይበቃል። መርፌው ወደ ፈሳሹ በጣም ከቀረበ ጠብታው ጅራት ያወጣል።

የመጀመሪያው ስህተታችን ጄሉን በፒቢኤስ (ፎስፌት ባለበት የጨው ውሃ) ማጠባችን ነው፤ ፎስፌቱ ካልሲየሙን ይነጥቃልና ጄሉ ፀሐይ እንዳገኘው ቅቤ ላላ። በ0.9 በመቶ ሳላይን (ፎስፌት በሌለው የጨው ውሃ) እጠቡ። ያም አልበቃም፤ ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ (ሚዲየም) አርፒኤምአይ 1640 ራሱ ካልሲየሙ 0.42 ሚሊሞላር ሲሆን ፎስፌቱ 5.6 ነው። ስለዚህ ካልሲየም ጨመርን፤ ሚዲየሙ ደፈረሰ። ባክቴሪያ ነው ብለን አንድ ሙሉ ዙር ጣልን። በማይክሮስኮፕ ስናየው እንደ ጥቁር አሸዋ ባለበት ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዋኝም፤ ደካማ አሲድ ጠብ ሲደረግበትም ጠፋ። ካልሲየም ፎስፌት ነበር።

መንስኤው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ነው። ሚዲየም ጠረጴዛ ላይ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያጣና ፒኤቹ ከፍ ብሎ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይሄዳል፤ ያኔ ካልሲየሙ ይዘቅጣል። ጅማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 82 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ኢንኩቤተሩ (ሴል ማሳደጊያው ሳጥን) 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢያሳይም ሴሉ ጋ የሚደርሰው በባሕር ጠለል 4 በመቶ እንደማለት ነው። እኛ 6 በመቶ አደረግነው። ሚዲየሙን ክዳኑን አላልተን ሁለት ሰዓት ኢንኩቤተር ውስጥ ካቆየን በኋላ፣ ከ1 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 1.5 ማይክሮ ሊትር እያወዛወዝን ጨመርን። ጥርት ብሎ ቆየ።

ሴሎቹን ለማውጣት 55 ሚሊሞላር ሶዲየም ሲትሬት ከ150 ሚሊሞላር ጨው ጋር፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ወዲያው በ300 ጂ አሽከርክራችሁ በሚዲየም እጠቡ፤ ሲትሬቱ የሚነጥቀው ካልሲየም ለሴሉም ያስፈልገዋል።