በግቢያችን የሠራነው ባሕር ዳርቻ

ባለፈው የገና ሰሞን አክስታቸው ለልጆቼ ከውጭ ቪዲዮ ላከችላቸው። ባሕር ዳርቻ ላይ የተሠራ የልጆች መጫወቻ ነው። ልጆች አሸዋ ይቆፍራሉ፣ በእጅ ፓምፕ ውሃ ያወጣሉ፣ ውሃው በእንጨት ቦይ ሲወርድ ይገድቡታል። ስንት ጊዜ እንዳዩት እንጃ። "ማሚ፣ እኛስ ባሕር ዳር መቼ ነው የምንሄደው?" ይለኛል የአምስት ዓመቱ ልጄ። ጣና ያለበት ከተማ መስሎታል። የስምንት ዓመቷ ግን ገብቷታል። ዝም ብላ ታየኛለች።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ላንጋኖ ደርሶ ለመመለስ አስልተነው ነበር፤ ትራንስፖርቱና ማደሪያው ሲደመር ከአቅማችን በላይ ሆነ። ባሕር የለንም። ግቢ ግን አለን።

በዚያ ሰሞን ስለ ልጆች መጫወቻ ሳነብ ሶረንሰን የሚባል ዴንማርካዊ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ አገኘሁ። ልጆች እሱ ካሰማመረላቸው መጫወቻ ይልቅ ሌላ ቦታ፣ በወዳደቀ ነገር ሲጫወቱ ያስተውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 በኮፐንሃገን ዳርቻ፣ ኤምድሩፕ በሚባል ሰፈር፣ ልጆች በቁርጥራጭ ጣውላና በአሮጌ ዕቃ ራሳቸው እየሠሩ የሚያፈርሱበት ቦታ በእሱ ሐሳብ ተከፈተ። አምስተርዳም ውስጥ ደግሞ አልዶ ቫን አይክ የተባለ አርክቴክት እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ከ700 በላይ መጫወቻዎች ነድፏል። ብዙዎቹ በቤቶች መሐል በተረፈ ባዶ መሬት ላይ ነበሩ። የአሸዋ ገንዳ ዋና ነገራቸው ነበር። ይህን ሳነብ የኛ ልጅነት ትዝ አለኝ። ቆርኪ፣ ብይ፣ በዱላ የሚነዳ ጎማ፣ በጭቃ የሚሠራ እቃ እቃ። ማንም ገዝቶ አልሰጠንም።

ግቢያችን ውስጥ የአሸዋ መጫወቻ እንድንሠራ እንዲፈቅዱልን ለኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ አመለከትኩ። ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ የአንድ መኪና ማቆሚያ የምታህል ጥግ ፈቀዱልን።

አሸዋው ከጎናችን ከሚሠራ ሕንፃ የተረፈ ነበር። አሠሪውን ስንጠይቀው በነፃ ሰጠን። በጣም ደስ ብሎኝ ያን ቀን ማታውኑ ላስገባው ነበር። ግንብ የሚሠራ ጎረቤታችን ነው ያስቆመኝ። "እስኪ መጀመሪያ በሃይላንድ ሞክሪው" አለኝ። የሃይላንድ ጠርሙሱን እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ቀሪውን ውሃ ሞልተን በደንብ ናጥነውና እስኪነጋ መስኮት ላይ አስቀመጥነው። ጠዋት ስናየው አሸዋው ከታች ተኝቷል። በላዩ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ቡናማ ጭቃ ጋግሯል። ያ ሁሉ አፈር ነው። ሲደርቅ አቧራ ሆኖ የልጆቹ ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። በወንፊት ስንነፋው ደግሞ ሚስማርና የደረቀ ሲሚንቶ ወጣ። ስለዚህ የታጠበ አሸዋ ገዛን። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 1.2 ሜትር ኩብ ነው። ባለቤቴና ሁለት ጎረቤቶች በማዳበሪያ ሲያመላልሱ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው።

ዙሪያውን በአሮጌ ጎማ አጠርነው። ጎማ ከጎሚስታ ይገኛል። የብረት ክሩ የወጣውን ግን አትውሰዱ፣ እጅ ይቆርጣል። ውሃ አቁሮ ትንኝ እንዳያፈላም ከታች ብሱት።

ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። እንደ ቪዲዮው ፓምፕ ማሰብ አይቻልም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ላይ ቧንቧ አስገጠምንና ወንበር ላይ ሰቀልነው። ሕጉ በቀን አንድ ጀሪካን ነው። ካለቀ አለቀ። መጀመሪያ በአምስት ደቂቃ ጨረሱት። በሦስተኛው ቀን ልጄ በጣሳ መለካት ጀመረች። ስምንት ጣሳ አሸዋ በአንድ ጣሳ ውሃ ሲለወስ ግንቡ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ውሃው ሲበዛ ይናዳል። ሲያንስ ይበተናል። በአሸዋው ቅንጣቶች መሐል የሚቀረው ቀጭን ውሃ ነው አንዱን ከአንዱ የሚያጣብቀው። እኔ ይህን የነገርኳት እሷ ራሷ ካገኘችው በኋላ ነው። ታናሿ ግድብ ሠርቶ "ሕዳሴ" አለው። ሲሞላ አጨበጨቡለት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጥፋት አጠፋሁ። አንዲት ጎረቤታችን፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ ዘወትር በዚያው በኩል በርበሬ ያሰጣሉ። ዛላውን ቀንጥሰው፣ ማዳበሪያ ላይ ዘርግተው ወደ ቤት ገቡ። ነፋስ መጣ። ልጆቹም ደረቁን አሸዋ ሽቅብ ይረጩ ነበር። ስደርስ ስጡ በሙሉ አሸዋ ለብሷል። በርበሬ ውስጥ የገባ አሸዋ እንዲሁ ከተፈጨ ወጡ ሁሉ ጥርስ ላይ ይንኳኳል። ዋጋውን ልክፈል አልኳቸው። እምቢ አሉ። "ልጄ፣ ኮሚቴውን ጠየቅሽ፤ እዚህ የምውለውን እኔን ግን አልጠየቅሽኝም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግቢውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ፀሐዩ በስንት ሰዓት የት እንደሚያርፍ፣ ነፋሱ በየት እንደሚገባ ያውቃሉ። እኔ ግን ፊርማ ያለበትን ወረቀት ብቻ ነበር የተከተልኩት።

ከሰዓቱን ሙሉ እኔና ሁለቱ ልጆቼ አብረናቸው ተቀመጥን። እያንዳንዱን ዛላ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን። ልጆቹ ያስነጥሳሉ፣ እትዬም "ይማርሽ፣ ይማርህ" ይላሉ። ስንጨርስ ስጡ ነፋስ ወደሚመጣበት በኩል እንዲሆን፣ አሸዋው ደግሞ ከጨዋታ በፊት ሁልጊዜ ውሃ እንዲረጭበት ተስማማን። ሰዓቱንም እሳቸው ወሰኑልን። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐዩ ስለሚበረታ ጨዋታ የለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ይህን በታናሹ አፍንጫ አይቼዋለሁ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ሽርሽራችን እዚያው ነው። ቆሎ፣ ሳምቡሳና ሻይ በፔርሙዝ ይዘን አራት ፎቅ እንወርዳለን። እናቴ ከጉለሌ ስትመጣ እርጥቡ አሸዋ ላይ ጉድጓድ በጣቷ እየወጋች በጠጠር ገበጣ ታጫውታቸዋለች። የሌሎች ቤት ልጆችም ይሰበሰባሉ። እትዬ ጡቷ የተሰበረ ጀበና ሰጥተዋቸዋል። በእሷ አሸዋ ይቀዳሉ፤ የመጀመሪያው አቦል የእሳቸው ነው።

ማታ ማታ ድመት እንዳይቆፍረው በሸራ እንሸፍነዋለን። ሰኔ ሳይገባ ደግሞ ከሥሩ ጠጠር አንጥፈን ወደ ቦዩ የሚያወጣ ቱቦ መቅበር አለብን። ጎረቤታችን ቱቦውን አግኝቷል። ቦታውን እትዬ ያሳዩናል።