በጓዳ የተባለ ነገር

ትናንት ማታ ቡና ላይ ከወንድሜ ጋር ተከራክረን እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። በስፖርት ዓለም ያለ ሰው በጓዳው በተናገረው ክፉ ቃል እንጀራው ይነካ ወይ ነው ጭቅጭቃችን። «በሩን ዘግቶ ላወራው ማን ምን አገባው?» አለኝ። እኔ የዶናልድ ስተርሊንግን ጉዳይ አነሳሁበት።

በ2014 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ነበርኩ፤ ፌርፋክስ ካለው የኛ የኢትዮጵያውያን ሰፈር ሳልርቅ የኪራይ ቤት እፈልግ ነበር። ስተርሊንግ ያኔ የክሊፐርስ ቅርጫት ኳስ ቡድን ባለቤት ነበር። ከወዳጁ ጋር ሲያወራ የተቀዳ ድምፅ ሚያዝያ ላይ ወጣ፤ ጥቁሮችን ወደ ጨዋታዬ አታምጪ፣ ከማጂክ ጆንሰን (ከታዋቂው ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች) ጋር የተነሳሽውን ፎቶ አታሳዪ የሚል። በአራተኛው ቀን የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤን.ቢ.ኤ.) ኮሚሽነር አዳም ሲልቨር ዕድሜ ልኩን አገደው፤ 2.5 ሚሊዮን ዶላርም ቀጣው። ቡድኑ በዚያው ክረምት ለባለሀብቱ ስቲቭ ባልመር በ2 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ከሁሉ የማልረሳው ተጫዋቾቹን ነው። ቅጣቱ ገና ሳይሰማ ኦክላንድ ላይ ከዋሪየርስ ጋር ሊጫወቱ ገቡ፤ ጃኬታቸውን አውልቀው ሜዳው መሃል ከመሩት፤ የቡድኑ ስም እንዳይታይ ቀይ ማሟሟቂያቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። በቴሌቪዥን ሳያቸው አለቀስኩ። ደመወዛቸውን የሚከፍላቸው ሰው እንዴት እንደሚያያቸው በገዛ አንደበቱ ሰምተው፣ በማግስቱ ለእሱ ላባቸውን ሊያፈሱ ነው። ለእነሱ ይህ የጓዳ ወሬ አይደለም፤ ባለቤቱ ሥልጣን አለውና።

ግን በድብቅ የሚቀዳው ነገር ያስፈራኛል። አጎቴ ስለ ሌላ ብሔር ሰዎች የሚናገረውን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቢቀዳ ኖሮ ከመሥሪያ ቤቱ ያባርሩት ነበር። እኔም ትልቅ ሰው ከሆንኩ ወዲህ እንኳ አንድ ቀን «ተው» ብዬው አላውቅም፤ ይህን ስጽፍ አፈርኩ።

እውነቱን ለመናገር የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ስተርሊንግ ቤት አከራይም ነበር። ጥቁሮችን፣ የላቲን አሜሪካ ተወላጆችንና ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች በኪራይ ያገልላል ተብሎ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከሶት፣ በ2009 ጥፋቱን ሳያምን 2.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ተስማማ። ፋይሉ በአደባባይ ነበር፤ ማንም በድብቅ መቅዳት አላስፈለገውም። ሊጉ ያኔ ቡድኑን አልነካበትም።

«እና በ2014 መቀጣቱ ስህተት ነው ትያለሽ?» አለኝ ወንድሜ። አይደለም አልኩት፤ መውጣት ነበረበት፣ ግን ቀድሞ፣ በሥራው።

ያኔ ቤት ስፈልግ አንዱ አከራይ በስልክ «ባዶ ነው፣ ነይ እይው» አለኝ፤ በግማሽ ሰዓት ደረስኩ። በሩን ከፍቶ አየኝና ተይዟል አለኝ። ክፉ ቃል አልወጣውም። ስለ ድካሜ ይቅርታ ጠይቆ፣ እስከ መንገዱ ሸኝቶ መለሰኝ።