ላንቃ ውስጥ የተኛው ክራንቻ

ነሐሴ 26

ዛሬ፣ ልጄ ላንቃ ውስጥ የቀረውን ክራንቻ ጥርስ ወደ ቦታው ከሚስበው ቀጭን ሰንሰለት ላይ ሁለት ቀለበት ተቆረጠ። ዶክተሯ የተቆረጠውን በመያዣ አንሥተው አሳዩን፤ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ወርቃማ ነገር ናት። ሰንሰለቱ ያጠረው ጥርሱ ስለወረደ ነው። «እየመጣልሽ ነው፣ የኔ ቆንጆ» አሏት። ልጄ አፏ በጥጥ ተሞልቶ ስለነበር መልስ አልሰጠችም፤ እጄን ግን ጨብጣ ያዘችኝ። ደስታው ሳይበርድ ነገሩን ከመነሻው ልጽፈው ፈለግሁ። ልጅ ያላት ሌላ እናት ታነበው ይሆናል።

የሄድነው ለተቦረቦረ መንጋጋ ጥርስ ነበር። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። በግራ በኩል የላይኛው ክራንቻዋ ወጥቶ ቦታውን ይዟል፤ በቀኝ በኩል ግን የወተት ጥርሷ አልነቃነቅ ብላ ተቀምጣለች። ሐኪሙ መንጋጋውን ሞልቶ ከጨረሰ በኋላ ጣቱን ከላይኛው ከንፈሯ ሥር አስገብቶ ድዷን ዳሰሰ፤ ቀጥሎ ላንቃዋን ነካካና ራጅ እንድትነሣ አዘዘ። በራጁ ላይ ክራንቻው ከፊት ጥርሶቿ ጀርባ ተጋድሞ ታየ፤ ጫፉ ከመሐሉ ሁለተኛ ወደሆነው ጥርስ ሥር ተጠግቷል። ከዚያ ወደ ዶክተሯ፣ ጥርስ ወደሚያስተካክሉት ሐኪም (ኦርቶዶንቲስት) ተላክን።

የላይኛው ክራንቻ መንገዱ ረጅም ነው። የሚፈጠረው ከሌሎቹ ጥርሶች በላይ፣ ከአፍንጫ አጠገብ ከፍ ብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው በ11 ወይም በ12 ዓመት ግድም፣ ጎረቤቶቹ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው። ሲወርድ የጎረቤቱን ሥር ተከትሎ ነው የሚመጣው። ያ ጎረቤት ጥርስ በጣም ትንሽ ከሆነ ወይም ጭራሹን ካልተፈጠረ ክራንቻው መንገዱን የመሳት ዕድሉ ይጨምራል። ከሁሉም ዘግይተው ከሚበቅሉት የመጨረሻ መንጋጋዎች ቀጥሎ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ በመቅረት የሚታወቀው ይኸው ጥርስ ነው፤ ከ100 ሰው ወደ 2 ገደማ ላይ ያጋጥማል፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። የሚያስፈራው ደግሞ የማያም መሆኑ ነው። የተጋደመው ጥርስ የጎረቤቱን ሥር ቀስ በቀስ ሊበላው ይችላል፤ ልጅቷ ምንም ሳይሰማት ጤነኛ የፊት ጥርሷ ይላላል።

ጥርሱ በከንፈር በኩል ይሁን በላንቃ በኩል በአንድ ራጅ አይለይም። ዶክተሯ ሁለት ራጅ አስነሡ፤ በሁለተኛው ጊዜ የማሽኑን ጭንቅላት ወደ ጎን ፈቀቅ አደረጉት። ልጄ ምክንያቱን ጠየቀች፤ እሳቸውም ሥራቸውን አቁመው አስረዷት። በአውቶቡስ ስትሄጂ አጠገብሽ ያለው ዛፍ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ሩቁ ተራራ ግን አብሮሽ የሚሄድ ይመስላል አይደል? ጥርሱም እንደዚያው ነው፤ ማሽኑ ወደዞረበት አቅጣጫ አብሮ ከሄደ ከኋላ ነው፣ ላንቃ ውስጥ። የልጄ ጥርስ አብሮ ሄዷል። በኋላ ባለ ሦስት አቅጣጫ ራጅም ተነሣች፤ የጎረቤቱ ሥር ገና አልተበላም። እኔ በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ብቻ ነበር።

ገና በመጀመሪያው ቀን ዶክተሯ «ሕፃን እያለች ግግ ተነቅሎላታል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አልተነቀለላትም። ጥያቄው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ። በአገራችን በብዙ ቦታ ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰው፣ ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ያበጠ ነገር ይፈለጋል። ከተገኘም ግግ ነው ተብሎ በምላጭ ወይም በሹል ብረት ተፈልፍሎ ይወጣል። ያ እብጠት ገና ያልወጣ የወተት ክራንቻ ነው። ከሥሩ ደግሞ የቋሚው ክራንቻ ዘር አለ፤ እሱም አብሮ ይጎዳል፣ ተበላሽቶ ይበቅላል፣ ቦታውን ስቶ ይቀራል ወይም ከነአካቴው ይጠፋል። ወደ እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞችም ይህንኑ ጽፈዋል። ባለቤቴ ገጠር ተወልዶ ግግ የተነቀለለት ነው፤ ከታችኞቹ ክራንቻዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ የለም። ያንን ያስደረጉ እናቶች ላይ መፍረድ አልችልም፤ ልጅ በተቅማጥ ሲሞት ያዩ ናቸው። የሚያድነው ግን በጥብጠው የሚያጠጡት ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ጤና ጣቢያው ነው። ይህ አሁንም በየመንደሩ መነገር አለበት፤ ዛሬም ምላጩ እየሠራ ነውና።

ከሁሉም የከበደን የፍንጭቷ ነገር ነው። ልጄ ፍንጭት ናት፤ እናቴም ፍንጭት ናት። ልጅቷ ገና የፊት ጥርሶቿን ስትቀይር ጀምሮ ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ «አያቷን ቁርጥ!» ሲል ነው ያደገችው። ዶክተሯ ደግሞ የነገሩን ሌላ ነው። ከ8 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ የልጆች የፊት ጥርስ መራራቁ የተለመደ ነው፤ ክራንቻዎቹ ሲወርዱ ጎረቤቶቻቸውን ወደ መሐል ይገፏቸውና ክፍተቱ ይጠባል ወይም ይዘጋል። የልጄ አንዱ ክራንቻ አልመጣምና ያን ሥራ አልሠራም። ከፍንጭቷ ምን ያህሉ የአያቷ ውርስ፣ ምን ያህሉ ያልመጣው ጥርስ እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም። ለክራንቻው ቦታ ለማበጀት ግን ጎረቤቱ ወደ መሐል መጠጋት አለበት፤ የወተት ክራንቻ ከቋሚው ይጠባልና የለቀቀችው ቦታ አይበቃውም። ስለዚህ ፍንጭቷ ይዘጋል።

እናቴ ስትሰማ ፊቷን አዞረች። «እግዜር የሰጣትን ውበት ገንዘብ ከፍላችሁ ልታጠፉባት ነው?» አለች። እኔም መሐል ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ የእናቴን ኀዘን አውቀዋለሁ፣ ፍንጭት በኛ ዘንድ የሚዘፈንለት ውበት ነው። የወሰነችው ልጄ ናት። ከአያቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ «እማማ፣ ፍንጭቱን አንቺ ላይ አየዋለሁ፤ እኔ ጥርሴን እፈልጋለሁ» አለቻት። 13 ዓመት ለእንዲህ ያለ ውሳኔ ያንሳል ብዬ አስብ ነበር፤ አሁን አላስብም። ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ፣ ብሬሱ፣ ከመታሰሩ በፊት ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው፣ ጥርሳቸውን ገልጠው ፎቶ ተነሡ። ፎቶው እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል።

መጀመሪያ ብሬስ ታሰረ፤ ቦታው እስኪከፈት ወራት ጠበቅን። ቀዶ ጥገናው አጭር ነበር፤ ድዷን ብቻ አደንዝዘው ነው የሠሩላት። የወተቷን ጥርስ ነቀሉ፣ ላንቃዋን ከፍተው ጥርሱን የሸፈነውን አጥንት አነሡ፣ በጥርሱ ላይ ትንሽ ቁልፍ ለጥፈው ሰንሰለቱን አያያዙበትና ድዱን መልሰው ሰፉት። ከዚያ ወዲህ ሰንሰለቱ ከብሬሱ ሽቦ ጋር በላስቲክ ተያይዞ ጥርሱን በቀስታ ይስበዋል። ቶሎ እንዲያልቅ ጠበቅ ቢደረግስ ብዬ ጠይቄ ነበር። ዶክተሯ እንዳስረዱኝ ጥርሱን የሚያስኬደው ጉልበት ሳይሆን አጥንቱ ራሱ ነው፤ በሚገፋው በኩል ይሟሟል፣ በሚለቀው በኩል አዲስ ይሠራል። ከልክ በላይ ሲሳብ አጥንቱ አይከተልም፣ ሥሩም ይጎዳል። በወር ወደ 1 ሚሊሜትር ቢሄድ ጥሩ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጥርሱ ከአጥንቱ ጋር ይጣበቅና ከነጭራሹ አይንቀሳቀስም፤ ያን ጊዜ ሽቦው የሚያንቀሳቅሰው ጎረቤቶቹን ይሆናል። ዛሬ የተቆረጡት ሁለት ቀለበቶች ከዚህ ስጋት አውጥተውኛል።

ቆሎና ሸንኮራ ቀርቶባታል። የበቆሎ እሸት ሰሞን ነውና እኔ እየፈለፈልኩ በሳህን አቀርብላታለሁ፤ ወንድሟ ከእሸቱ ጋር ሲታገል እያየች በማንኪያ ትበላለች።

አሁን ደግሞ ስለ ወንድሟ ልጻፍ። በ1988 እ.ኤ.አ. ኤሪክሰን እና ኩሮል የተባሉ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 13 በሆኑ ልጆች ላይ አንድ ነገር ሞክረው ነበር። ወደ ላንቃ ያዘነበለ ክራንቻ ያላቸውን ልጆች ምንም ቀዶ ጥገና ሳያደርጉ የወተት ክራንቻቸውን ብቻ ነቀሉላቸው። ከ46ቱ ክራንቻዎች 36ቱ አቅጣጫቸውን አስተካክለው ወረዱ። ጥርሱ የጎረቤቱን ሥር ከግማሽ በላይ ካላለፈ ውጤቱ 91 በመቶ ነበር፤ ካለፈ ግን ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ይህ ቀላል መንገድ አይሠራም። ለዚህ ነው በ9 እና በ10 ዓመት የልጅን ድድ በጣት መዳሰስ የሚገባው፤ ከወተት ክራንቻው በላይ፣ በከንፈር በኩል ጠንከር ያለ ጉብታ መኖር አለበት። በትምህርት ቤት ዓይን ይመረመራል፣ ቁመትና ክብደት ይለካል፤ ይህችን የደቂቃ ዳሰሳ ግን ማንም ሲያደርጋት አላየሁም። ብትጨመር ምን ይከብዳል?

ላንቃ ውስጥ የሚቀር ክራንቻ በቤተሰብ ይሄዳል። ልጁ አሁን 9 ዓመት አልፎታል። ዛሬ ወረፋ ስንጠብቅ ራሴ ዳሰስኩት፤ በግራ ጉብታው አለ፣ በቀኝ ግን እርግጠኛ አልሆንኩም። ዶክተሯም ዳሰሱት፤ በቀኝም ከፍ ብሎ ትንሽ እንደሚሰማቸው ነገሩኝ። በዚህ ዕድሜ ራጅ ማንሣት መቸኮል ነው፣ 10 ሲሞላው አምጪው፣ ያኔም ሁለቱ እኩል ካልሆኑ እናነሣዋለን አሉ። ቀጠሮውን ከእኅቱ ካርድ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ፤ ኅዳር መጨረሻ ነው።