ዶራሌ፣ ግን በየትኛው በር?

በጭነት ትእዛዙ ላይ የተጻፈው «ጅቡቲ፣ ዶራሌ» ብቻ ነበር። 400 ቶን ፌሮ ሊያነሱ አሥር ተሳቢዎች በጋላፊ ወርደው ኮንቴይነር ተርሚናሉ በር ላይ ተሰለፉ። የበሩ ሠራተኛ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና የኮንቴይነር ቁጥር እንደሌለው ነግሮ መለሳቸው። ፌሮው የተራገፈው እዚያው ዶራሌ ውስጥ ባለው ሁለገብ ወደብ ነበር።

ስህተቱ የተሠራው አዲስ አበባ፣ የፌሮውን አስመጪ የጉምሩክና የወደብ ጉዳይ በሚያስፈጽመው ትራንዚተር ቢሮ ነው። ይኸው አስመጪ ከዚያ በፊት ሚስማርና ማሰሪያ ሽቦ በኮንቴይነር አስመጥቶ ስለነበር የድሮው ፋይል ተገልብጦ ቀኑና መጠኑ ብቻ ተቀየረ። ቢል ኦፍ ሎዲንጉን፣ ማለትም የመርከቡን የጭነት ሰነድ፣ ላየው ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ኮንቴይነር ከሆነ አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ያለው ቁጥር፣ አጠገቡም የሲል (የበሩ ማሸጊያ) ቁጥር ይኖራል። እዚህ የተጻፈው የታሰረው ብረት የእስር ብዛትና ክብደት ብቻ ነው።

ዶራሌ ሲባል አንድ ግቢ የሚመስለው ብዙ ነው። ኮንቴይነር ለብቻው ነው፣ ነዳጅም በሆራይዘን ተርሚናል ለብቻው። ብረት፣ ተሽከርካሪና ማዳበሪያ የሚስተናገዱት በ2017 በተከፈተው ሁለገብ ወደብ ነው። ከዶራሌ ውጭ ደግሞ ታጁራ ለፖታሽ፣ ጉቤት ለጨው ታስበው የተሠሩ ናቸው። (ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለቤትነቱም እንደዚያው የተከፋፈለ ነው። በኮንቴይነር ተርሚናሉ ውስጥ የዱባዩ ዲፒ ወርልድ አንድ ሦስተኛ ድርሻ ነበረው፤ የጅቡቲ መንግሥት በየካቲት 2018 ውሉን አፍርሶ ተርሚናሉን ወሰደና ለመንግሥት ኩባንያ ሰጠው። ክርክሩ ለዓመታት በግልግል ዳኝነት ሲንከባለል ቆይቷል። ሁለገቡ ወደብ ያለው ግን የቻይናው ኩባንያ ቻይና መርቻንትስ 23.5 በመቶ በያዘበት የጅቡቲ ወደብ አክሲዮን ማኅበር ሥር ነው። ሁለቱ በሮች ጎረቤት ይሁኑ እንጂ ካዝናቸው የተለያየ ነው። አንዱ የሚያስከፍለው በኮንቴይነር፣ ሌላው በቶን ነው፤ የአንዱ ጌት ፓስ (የመግቢያ ፈቃድ) ሌላው ዘንድ አያስገባም።

በሩስ ቢገኝ? የከፋው ችግር መኪናው ነበር። ተሳቢ ፊትና ኋላ ሁለት አጭር አጭር አልጋ ነው፤ ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ለመጫን ይመቻል። 12 ሜትር ፌሮ ግን በአንዱም ላይ አይጋደምም። ማጠፍ ይቻላል የሚል ሾፌር አይጠፋም፤ ገዢው ቀጥ ያለ ብረት ከጠበቀ ግን ጣጣው ሳይት ላይ ይመጣል። ለዚህ ጭነት የሚሆነው ረጅም ወጥ አልጋ ያለው፣ ጎኑ ላይ ብረት ማቆሚያና ሰንሰለት የተገጠመለት ከፊል ተሳቢ ነው።

በመጨረሻ ሌሎች አሥር መኪኖች ተፈለጉ። ሰሌዳ ሲለወጥ የትራንዚት ሰነዱም አብሮ ይስተካከላል፤ በዚህ መሐል አራት ቀን ሄደ፣ የማከማቻውም ሂሳብ ቆጠረ። ተሳቢዎቹ ዕድለኛ ነበሩ። ከዚያው ከሁለገቡ ወደብ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ማዳበሪያ፣ እያንዳንዳቸው 800 ከረጢት ጭነው ወጡ።

የትራንዚተሩ የጭነት ትእዛዝ ቅጽ ላይ አሁን «ወደብ» ከሚለው ሥር «ተርሚናል» የሚል መስመር ገብቷል፣ ከጎኑም «የዕቃው ርዝመት በሜትር»።