«ደረጃ 4» የሚለውን ወረቀት አራት ቀን ደበቅኩት

ውጤቱን የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። እታለም ደም ልትሰጥ ላብራቶሪ ገብታለች፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስጠብቃት ወረቀቱን ሰጡኝ። ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው ይላል፤ አብዛኛው አልገባኝም። አንድ ነገር ግን ገባኝ። ደረጃ 4። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ስትወጣ «ገና አልደረሰም» አልኳት።

እታለም ታላቄ ናት፣ በ7 ዓመት ትበልጠኛለች። ያሳደገችኝ እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ቀን በፊት ዋሽቻት አላውቅም።

አራት ቀን ሙሉ ሌሊቱን ስልኬ ላይ አፍጥጬ አነጋለሁ፣ ቀን ቀን ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኜ አብሬያት እስቃለሁ። ያን ጊዜ ደረጃ 4 ማለት ለኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አበቃ ማለት። በሳንባም በአንጀትም ካንሰር ያጣኋቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ዘንድ ቁጥሩ 4 ሲሆን ወሬው ሁሉ ስለ መዳን መሆኑ ቀርቶ ዕድሜ ስለ ማራዘም ሆኖ ነበር። ሊምፎማም እንደዚያው መሰለኝ።

እንደዚያ አይደለም። ዛሬ የምጽፈው ያንን ወረቀት አሁን በእጁ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ነው። ሐኪም አይደለሁም። እህቷን አስታምማ፣ ያልገባትን ሁሉ እየጠየቀች ደብተር የሞላች ሰው ነኝ።

በአምስተኛው ቀን ዶክተሩ ጋ ብቻዬን ገባሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ «ስንት ጊዜ ቀራት?» አልኳቸው። «ቁጥሩን ተይውና መጀመሪያ ስሙን ጠይቂኝ» አሉኝ። የደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ይሄ ነው።

ሊምፎማ አንድ በሽታ አይደለም። ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ካንሰር ነው፣ ዓይነቱም ብዙ ነው፣ ሕክምናውም ተስፋውም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። እነዚህ ሴሎች ደግሞ በጤናቸውም ጊዜ ሥራቸው መዞር ነው። ከአንዱ የሊምፍ እጢ ወደ ሌላው (ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው ነው)፣ ወደ ጣፊያ፣ ወደ መቅኔ፣ በደም ውስጥ ሲመላለሱ ይኖራሉ። ስለዚህ ሲታመሙ ብዙ ቦታ መገኘታቸው የሚያስገርም አይደለም። አንድ የሳንባ ካንሰር ሴል ጉበት ውስጥ ሲገኝ ግን አገሩን ለቆ ሄዶ ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ትርጉሙ የሚለያየው ለዚህ ነው።

አቆጣጠሩ ራሱ ከባድ አይደለም። አንድ አካባቢ ያሉ እጢዎች ብቻ ከሆኑ 1 ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ቦታ ሆኖ ሁሉም ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ ከዲያፍራም በላይ ወይም ሁሉም በታች ከሆነ 2። ከላይም ከታችም ካለ 3። ከእጢዎቹ ወጥቶ መቅኔ ወይም ጉበት ውስጥ በስፋት ከገባ 4። ሦስትና አራትን ነው «የገፋ» የሚሏቸው። ብዙ ሰው ገና በመጀመሪያው ምርመራ የሚገኝበት እዚያ ላይ ነው።

«አሁን የነገርኩሽን ለሷ ንገሪያት፣ ነገ አብራችሁ ኑ። በሽታው የሷ ነው» አሉኝ ዶክተሩ ስወጣ።

ማታ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ቁልፍ ስፈልግ ቦርሳሽ ውስጥ አየሁት እኮ። እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቅሽ» አለችኝ። አራት ቀን እኔም ብቻዬን፣ እሷም ብቻዋን፣ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ስንፈራ ከርመናል። ይቺን ሳስብ እስከ ዛሬ ሆዴ ይላወሳል። እባካችሁ አትደብቁ።

ወደ ስሙ ልመለስ። ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባለው አለ፤ በ1832 ስለ በሽታው በጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም በቶማስ ሆጅኪን ነው የተሰየመው። ይሄ በገፋ ደረጃም ቢገኝ አብዛኛው ሰው ይድናል፣ በተለይ ወጣቶች። ለብዙ ዓመታት መደበኛው ሕክምና ኤቢቪዲ የሚባል የአራት መድኃኒቶች ኬሞ ነበር፣ በየሁለት ሳምንቱ ለስድስት ወር ያህል የሚሰጥ። ከአራቱ ብሌኦማይሲን ሳንባ ስለሚጎዳ አሁን አሁን ይተዉታል ወይም በሌላ ይተኩታል። በ2024 በታተመ ትልቅ ጥናት ላይ፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ የመከላከል አቅምን ከሚቀሰቅሰው ኒቮሉማብ ጋር ለተሰጣቸው የገፋ ሆጅኪን ሕመምተኞች፣ ከ2 ዓመት በኋላ ከ100 ወደ 92ቱ በሽታው ሳይመለስባቸው ወይም ሳይብስባቸው ተገኝተዋል። ደረጃ 3 እና 4 ላይ ነው ይሄ ሁሉ። እኔ ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ!

ሆጅኪን ያልሆኑት ደግሞ ብዙ ናቸው፣ በሁለት ጎራ ከፍዬ ነው የምረዳቸው። ቀስ ብለው የሚሄዱና የሚፈጥኑ። ከዘገምተኞቹ የታወቀው ፎሊኩላር ነው። እሱ በገፋ ደረጃ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም። ሰው ግን ብዙ ዓመት አብሮት ይኖራል፣ ምልክት ከሌለው ደግሞ ሐኪሞች ምንም መድኃኒት ሳይጀምሩ ዝም ብለው ሊከታተሉት ይችላሉ። «ካንሰር አለብህ፣ ሕክምና ግን አንጀምርም» ሲባል ሰው ችላ የተባለ ይመስለዋል። ችላ መባል አይደለም፤ ቀድሞ መጀመር ዕድሜ እንደማይጨምር ስለታየ ነው።

የሚፈጥኑት ያስፈራሉ። ካልታከሙ በወራት ውስጥ ይገድላሉ። ግን ኬሞ ይበልጥ የሚመታው ቶሎ ቶሎ የሚባዛን ሴል ነውና ጨርሶ የማጥፋት ዕድሉ ያለውም እነሱው ላይ ነው። የእታለም ከነዚህ ነበር፤ ስሙ ረጅም ነው፣ በአጭሩ ዲኤልቢሲኤል ይሉታል፣ ሆጅኪን ካልሆኑት መካከል በብዛት የሚታየው እሱ ነው። በመደበኛው ሕክምና ከ10 ሰው ወደ 6 የሚሆኑት ይድናሉ። ደረጃው ሲገፋ ዕድሉ ይቀንሳል፣ ግን አይጠፋም።

ደግሞ ዕድልን የሚወስነው ደረጃ ብቻ አይደለም። ዕድሉን የሚቀንሱ አምስት ነገሮች ይቆጥራሉ፤ ዕድሜ ከ60 በላይ መሆን፣ ኤልዲኤች የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ማለት፣ ሰውየው ተነስቶ ራሱን መርዳት አለመቻሉ፣ ደረጃው 3 ወይም 4 መሆን፣ ከእጢ ውጭ ከአንድ በላይ ቦታ መያዙ። እታለም 41 ዓመቷ ነበር፣ በእግሯ እየሄደች ነው የመጣችው፣ ከእጢ ውጭ የተያዘው መቅኔዋ ብቻ ነው። ከአምስቱ የነበሯት ሁለቱ ናቸው፤ ደረጃውና ኤልዲኤቹ። ያን ሌሊት ሁሉ ያስለቀሰኝ ቁጥር ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። አንገቷ ላይ ያበጠው ንፍፊት ሦስት ወር ሙሉ «ኢንፌክሽን ነው» እየተባለ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ተሰጣት። ሌሊት አንሶላዋ በላብ ይርሳል፣ ከስታለች፣ ማንም አልጠየቃትም። ቀጥሎ በመርፌ ትንሽ ናሙና ወሰዱና ምንም ሳይታወቅ ቀረ። መጨረሻ ላይ እጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ሲመረመር ነው ስሙ የታወቀው። የማያመው እብጠት ሳምንታት አልፎት ካልጠፋ፣ በተለይ ላብ፣ ትኩሳትና መክሳት ከተጨመረበት፣ ናሙና ይወሰድልኝ በሉ። ሲቻል እጢው በሙሉ።

ሕክምናዋ አር-ቾፕ ይባላል። የካንሰሩን ሴል ለይቶ የሚይዝ ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት፣ ሦስት የኬሞ መድኃኒቶች፣ እና ለአምስት ቀን የሚዋጥ ፕሬድኒዞሎን። በየ21 ቀኑ፣ ስድስት ዙር። ከመጀመሩ በፊት ልቧን በአልትራሳውንድ አዩ፣ ከኬሞዎቹ አንዱ ዶክሶሩቢሲን ልብ ሊጎዳ ስለሚችል። ሄፓታይተስ ቢም መረመሩ፤ ሪቱክሲማብ የተኛውን ቫይረስ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ልጅ መውለድ የሚፈልግ ሰው ከኬሞው በፊት መናገር አለበት፣ ሐኪሙ እስኪያነሳው አትጠብቁ።

የመጀመሪያው ቀን ሪቱክሲማቡ ሲገባ በብርድ ተንቀጠቀጠች። ፍጥነቱን ቀነሱት፣ አለፈላት። ዶክሶሩቢሲኑ ቀይ ነው፣ ሽንቷ ቀይ ሆኖ ስታየው ደም መስሏት ጮኸች፤ ቀድሞ የነገረን አልነበረም፣ እኔ ይኸው ነግሬያችኋለሁ። እንክብሉ እንቅልፍ ነሳት። ፀጉሯ በሦስተኛው ሳምንት ረገፈ። ከአራተኛው ዙር በኋላ ጣቶቿ ደንዝዘው የሸሚዟን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት፣ ያ የሌላው ኬሞ፣ የቪንክሪስቲን ሥራ ነው፣ ለዶክተሩ ስንነግራቸው መጠኑን ቀነሱላት። «ኬሞ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ መቻል ጥሩ አይደለም። ካልተናገራችሁ ማንም አይቀንስላችሁም።

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ትኩሳትን ነው። በሁለተኛው ዙር፣ አሥረኛው ቀን ላይ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነካኋት፣ ትሞቃለች። ለካሁት፣ 38.3። «ይንጋ፣ ጠዋት እንሄዳለን፣ አሁን ማንን ታስቸግሪያለሽ» አለችኝ። ዶክተሩ ግን አስቀድመው «38 ካለፈ ሰዓት አትዪ፣ አጠገብሽ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቢ፣ ኬሞ ላይ ናት በይ» ብለውኝ ነበር። ጎትቼ ወሰድኳት። ነጭ የደም ሴሏ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ከኬሞ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ይወርዳል፣ ያን ጊዜ ሌላውን ሰው በጉንፋን የሚያልፈው ነገር በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ወዲያው አንቲባዮቲክ በደም ሥር ጀመሩላት፣ አምስት ቀን ተኛች። ከዚያ ወዲህ ከየዙሩ በኋላ ነጭ ሴል የሚያነሳ መርፌ ትወጋ ነበር። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ትኩሳት ማስታገሻ ሰጥቶ ማስተኛት በዚህ ሰሞን አይሆንም፤ ምልክቱን ደብቆ ጊዜ ያስበላል።

ከአጠገቧ ያለው ወንበር ላይ አንዲት ሴት ትታከም ነበር። ስሙም ያው፣ መድኃኒቱም ያው። እሷን ግን በሽታው ኬሞው ላይ እያለች መልሶ ያዛት፣ ከስድስተኛው ዙራችን በፊት አረፈች። ከ10 ስድስት ይድናሉ ስል የቀሩትን አራቱን አልረሳም። እሷን አውቃታለሁ፣ ሳቋን አውቀዋለሁ።

ሲመለስም ቢሆን ዛሬ ዝም ተብሎ አይታይም። ድሮ የነበረው መንገድ ጠንካራ ኬሞ ሰጥቶ፣ በሽታው ለኬሞው እሺ ካለ የራስን የመቅኔ ሴል መልሶ መስጠት ነው። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ካር ቲ የሚባለው ሕክምና አለ፤ የሕመምተኛውን ሊምፎሳይት ወስደው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ካንሰሩን እንዲለይ አድርገው፣ ለራሱ ይመልሱለታል። ሌላ ነገር አልሠራ ብሏቸው በዚህ ከታከሙ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ከ10 አራቱ ያህል ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። ከዚያ በፊት እንደነሱ ላለ ሰው የሚቀረው ጊዜ በወራት ነበር የሚቆጠረው። ውድ ነው፣ በየቦታው አይገኝም፣ ይሄ ያናድደኛል። ቢሆንም ስሙን አውቃችሁ ጠይቁ። ሕመምን የሚያስታግሱ ባለሙያዎችንም ከመጀመሪያው ጠይቁ፣ እነሱ የሚመጡት መጨረሻ ላይ ብቻ አይደለም።

የእታለም የመጨረሻው ፔት ስካን (በሽታው ያለበትን ቦታ የሚያሳየው የሰውነት ምስል) ከስድስተኛው ዙር ሰባት ሳምንት በኋላ ተነሳ። ቶሎ ቢነሳ ከኬሞው የተረፈ የሰውነት መቆጣት በሽታ ሊመስል ስለሚችል ነው ያቆዩት። ውጤቱን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጡታል፣ እስከ 3 ያለው ደህና ነው። የሷ 2 ሆነ። ይህን ወረቀት እሷ ናት የተቀበለችው፣ እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ።

የሷ ዓይነቱ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። እነዚያን ወራት በጣታችን ነው የቆጠርናቸው። ከየቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ሁለታችንም ሌላ ሰው እንሆናለን፣ እንኳረፋለን፣ አንገቷን ደጋግማ ትዳስሳለች። 24ኛው ወር ካለፈ አምስት ወር ሆነ።

ሐሙስ ቀጠሮ አላት። ዘንድሮ ብቻዬን ነው የምሄደው ብላለች። እሺ አልኳት። ደብተሩን ሰጥቻታለሁ፣ መጨረሻው ላይ ሦስት ባዶ ገጽ አለው።