አልጨረስሁም

ደብረ ማርቆስ፣ እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ በፊደል ሰሌዳዋ ጥግ ላይ አንድ ቃል እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ፊደል በፊደል ነግራኝ እስክትጨርስ ሻዩ ቀዘቀዘ። ቃሉ «አልጨረስሁም» የሚል ነው። ከማን እንደ ተማረችው ስለማውቅ፣ ሳልውል ሳላድር ይህን ልጽፍ ተቀመጥሁ።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። በተወለደች በሦስተኛው ቀን ዓይኗና ገላዋ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው፣ የጧት ፀሐይ ይበቃታል» ተባልሁ፤ አመንሁም። ወደ ሕክምና ስወስዳት በደሟ ውስጥ የተጠራቀመው ቢጫ ንጥረ ነገር እንቅስቃሴን የሚያዝዘውን የአንጎሏን ክፍል ጎድቶት ነበር። ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። እጆቿ ሳታዝዛቸው ይሄዳሉ፤ ምላሷም አይታዘዛትም። ጆሮዋና አእምሮዋ ግን ደኅና ናቸው፤ አንድ ጊዜ የሰማችውን አትረሳም።

ሰሌዳውን የሠራንላት በአንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት ምክር ነው። የፊደል ገበታ 231 ሆሄያት አሉት፤ ያን ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ ብንደረድረው እጇ የፈለገችውን ነጥሎ መንካት ስለማይችል፣ በአንድ ወገን 33ቱን ፊደላት በግዕዛቸው፣ በሌላው ወገን ከ1 እስከ 7 ያሉትን ቁጥሮች ጻፍን። «ቡና» ለማለት በ፣ 2፣ ነ፣ 4 ትነካለች። በአፉ የሚናገር ሰው በደቂቃ ከ100 ቃላት በላይ ሲያወርድ፣ ልጄ በዚያችው ደቂቃ ሁለት ቃል ካገኘች ቀንቷታል። መምህርቷ «ልጅ ቋንቋ የሚለምደው ሲነገር እያየ ነውና እርስዎም ሲያናግሯት በሰሌዳው ላይ እየጠቆሙ ይሁን» አለችኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳለችኝ አደረግሁ። ልጄም ውሃ፣ እንጀራ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ ማለትን ተማረች። ከእኔ የተማረችው መጠየቅን ብቻ እንደ ሆነ የገባኝ አሁን ነው፤ የምጠቁምላት ሁሉ ያስፈልጋታል ብዬ የማስበውን ነበርና።

አርአያ እንዲሆናት አስቤ የእንግሊዛዊውን የፊዚክስ ሊቅ የስቴፈን ሆኪንግን ፎቶግራፍ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ለጥፌላት ነበር። ሰውነቱን በሽታ ቀስ በቀስ ያሰለለው ሆኪንግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ጄኔቭ ሳለ በሳንባ ምች ታመመ፤ ሕይወቱን ለማትረፍ ጉሮሮው በቀዶ ሕክምና ሲከፈት የቀረችውን ድምፁን አጣ፤ ከዚያም በ2018 እስካረፈ ድረስ በኮምፒዩተር ድምፅ እየተናገረ ሥራውን ቀጠለ። ታላቅ ሰው ነው። ነገር ግን ድምፁን ሲያጣ 43 ዓመቱ ነበር፤ ተምሮ፣ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ በሙያው ስሙ ከተጠራ በኋላ ነው። ልጄ ፎቶግራፉን አይታ «ፈረንጅ» ብላ ጻፈችና ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን እውነቷን ነው እላለሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ ለልቅሶ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። ልጄን አልወሰድኋትም፤ ሰው ዓይኑን ይጥልባታል ብዬ ብዙ ቦታ ትቻት እሄዳለሁ፤ ይህን ስጽፍ ልቤን ይከብደዋል። በድንኳኑ ውስጥ በፕላስቲክ የተለበጠ የፊደል ሰሌዳ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ለሐዘንተኞቹ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» የሚል አንድ ወጣት አየሁ። ፊደሉን የሚነካው በጣቱ ጫፍ ሳይሆን በአውራ ጣቱ አንጓ ነው። ከወንድሙ ጋር ሱቅ እንዳላቸው፣ ደንበኛውም ዋጋ ሲከራከረው ከባንኮኒው ፊት ቆሞ መልሱን እንደሚያነብ ነገረኝ። ከሰሌዳው ላይ ሐን፣ ኀን፣ ሠን፣ ዐንና ፀን አውጥቷቸው 28 ፊደል ብቻ ቀርቶታል። የቅኔ መምህር ልጅ ነኝና ሞክሼ ፊደል ሲጣል ማየት አሳዘነኝ፤ አባቴ ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን አልሁ። ዳሩ ግን በተጣሉት ፊደላት ምትክ እጁ የማይስተው ሰፊ ቦታ አግኝቷል።

ባለፈው ዓርብ ለጉዳይ ወደ ደብረ ማርቆስ መጥቶ ስለ ነበር ቤቴ ጠራሁት። ልጄ ከሰሌዳው ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። እኔ ቡናውን እየቀዳሁ፣ እንደ ልማዴ ቃሉን ቀድሜ ልጨርስለት ሞከርሁ። መ፣ 1፤ ነ፣ 6 ሲነካ «መንገዱ አስቸገረህ፣ ልጄ?» አልሁት። ረከቦቱን በአንጓው ኳ ኳ አደረገ፤ ከሰሌዳው ጥግ «አልጨረስሁም» የሚለውን ነካ፤ ሳይቆጣ ቀጠለ። ተ፣ 4። መንታ። እሱና ባለ ሱቁ ወንድሙ መንታ ናቸው፤ ወንድሙ ቀድሞ ወጣ፤ እሱ ዘገየና አየር አጠረው። ስለ መንገድ የጠየቅሁት ሰው ለልጄ ከልደቱ ጀምሮ ሊነግራት ነበር የመጣው።

ልጄ እኔን እያየች ሳቀች። ከዚያ «ሰው ይሰድብሃል?» ብላ ጠየቀችው። እንዲህ ያለ ጥያቄ እኔን ጠይቃኝ አታውቅም። «አዎ» አላት፤ ትንሽ ቆይቶ «እኔም እመልሳለሁ» ብሎ ጨመረ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሁለቱ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲነጋገሩ የእኔን አፍ የፈለገ አልነበረም። አዲስ ፊደል አላስተማራትም። በዚያው ፊደል ሰውን ማስቆም፣ መከራከር፣ መቀለድ እንደሚቻል አየች፤ እኔ በአፌ እየተናገርሁ ይህን ላሳያት አልችልም ነበር።

የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝና ትናንት የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ከፍቼ አነበብሁ። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃዋለች። አንቀጽ 24 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥታት ብሬልንና አማራጭ የመግባቢያ መንገዶችን መማር እንዲያመቻቹ ያዝዛል፤ በዚያው ዐረፍተ ነገር ላይም እኩዮች እርስ በርስ የሚደጋገፉበትንና የሚመካከሩበትን መንገድ አያይዞ ያነሣል። ለእኛ ጎጃሞች ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን ባልተገባው ነበር። አባቴ በዋሸራ የቅኔ ትምህርት ቤት ሲማሩ ጀማሪውን ሁሉ መምህሩ ትምህርቱን እያስደገሙ አላስቀጸሉም፤ ዛሬ የገባውን ትናንት የገባው ያስቀጽለዋል፤ ከእሱም ጋር ኩርማን እየለመነ ያድራል። ለልጄ እንደዚህ በሰሌዳ የምትናገር፣ ቤት የምታስተዳድር ትልቅ ሴት ደግሞ ብትገኝላት ምንኛ ደስ ባለኝ፤ እየጠየቅሁ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤታችን መጥታ ነበር። ልጄን ጠጋ ብላ ካየች በኋላ «ዛሬስ ደክሟታል መሰል» አለችኝ፤ እኔም ወሬውን ለማሳጠር «አዎ፣ ደክሟታል» አልኋት። ልጄ ሰሌዳዋን ሳበች። ወ፣ 6። ውሃ ጠምቷት ነው ብዬ ወደ ጓዳ ተነሣሁ። ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረገች፤ እጇ ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው ጧት የጻፍሁላትን ቃል አገኘው።

ተመልሼ ተቀመጥሁ። ጎረቤቴም ዝም አለች።

ሸ፣ 1። ተ፣ 6።

ደክሟት አልነበረም።