ከቻይና ቤት መውሰድ ያለብን ጣሪያውን አይደለም

«የቻይና ባህላዊ ቤት ከዘመናዊው ጋር ተዋህዶ» የሚሉ ፎቶዎችን ሳይ ብዙ ጊዜ ቅር ይለኛል። ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ ጣሪያ አለ፣ ቀይ ፋኖስ አለ፣ ክብ በር አለ። ውስጡ ግን ያው የምናውቀው አፓርታማ ነው። እኔ እንደሚገባኝ የዚህ ቤት ነፍስ ያለው ባልተገነባው ቦታ ላይ ነው፤ መሃል ላይ ባዶውን በተተወው ግቢ።

ሲሄዩዋን የሚባለውን የቤጂንግ ባህላዊ ቤት እንይ። አራት ቤቶች አንድ ግቢ ከበው ይቆማሉ። ዋናው ቤት በሰሜን በኩል ሆኖ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። በብርዱ ወራት ፀሐይ ከደቡብ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ብርሃኗ እስከ ውስጥ ይዘልቃል፣ የሰሜኑን ንፋስ ደግሞ የጀርባው ግድግዳ ይመክተዋል። ሙቀት ሲሆን ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፣ ያኔ ታዛው ይከልላታል። ፌንግ ሹይን፣ ማለትም የቤት አቀማመጥ ዕድልን ይወስናል የሚለውን የቻይናዎች እምነት፣ ባታምኑበት እንኳ ይሄ አቀማመጥ ይሠራል።

መግቢያውማ በጣም ነው የምወደው። በሩ ብዙ ጊዜ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ ነው። ገባ ስትሉ ግቢውን አታዩትም፤ ፊት ለፊታችሁ ዪንግቢ የሚባል ግድግዳ ቆሟል። ዞር ብላችሁ፣ ጥቂት ተራምዳችሁ ነው ግቢው የሚከፈትላችሁ። የአላፊ አግዳሚው ዓይን እዚያው በር ላይ ይቀራል። አሁን የሚሠሩ ብዙ ቤቶች በር በተከፈተ ቁጥር ሳሎኑ ከነሶፋው ይጋለጣል። አንዲት አጭር ግድግዳ ወይም የመጽሐፍ መደርደሪያ በሩ ፊት ብትቆም ነገሩ ይቀየራል።

ቦታ ጠባብ ነው ለሚል ደግሞ የሁዊዡ ቤቶች አሉ፣ በቻይናዋ አንሁዊ ክፍለ ሀገር ደቡባዊ አካባቢ። እዚያ ግቢው ጠቦ ጠቦ ቲያንጂንግ ሆኗል፣ «የሰማይ ጉድጓድ» እንደማለት ነው። ጣሪያዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። ሲዘንብ ውሃው ከአራቱም አቅጣጫ ቤቱ መሃል ወዳለው በድንጋይ የተነጠፈ ገንዳ ይወርዳል፤ ሰው አዳራሹ ውስጥ በደረቁ ተቀምጦ ዝናቡን ክንዱን ዘርግቶ ሊነካው ይችላል። ሞቃቱ አየር በዚያው ክፍተት ወደ ላይ ይወጣል፣ ብርሃን ይወርዳል።

ከዘመናዊ ግንባታ ጋርም አይጣላም። በጥንቱ የቻይና የእንጨት ቤት ጣሪያውን የሚሸከመው ምሰሶው እንጂ ግድግዳው አይደለም። «ግድግዳው ቢወድቅ ቤቱ አይወድቅም» ይላሉ። እና ግድግዳው ሸክም ከሌለበት፣ ወደ ግቢው የሚያየውን ጎን ሙሉ በሙሉ መስታወት ማድረግ ምን ያስቸግራል?

ይህንን በተግባር ያሳዩ አሉ። አርክቴክት ዉ ሊያንግዮንግ ቤጂንግ ጁአር ሁቶንግ በሚባል የድሮ ሰፈር ጠባብ መንገድ ውስጥ ፎቅ ቤቶችን በግቢ ዙሪያ አሰልፎ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የዓለም ሀቢታት ሽልማት አግኝቷል። በ2006 የተከፈተው አርክቴክት አይ ኤም ፔይ የነደፈው በቻይናዋ ሱዡ ከተማ ያለ ሙዚየም ደግሞ ብረትና መስታወት ነው፣ የተቀለበሰ ጣሪያ የለውም። ግን ግቢው ውስጥ በስሱ የተቆረጡ ድንጋዮች ከነጭ ግድግዳ ፊት ተደርድረዋል፣ ከኩሬው ማዶ ስታዩዋቸው በቀለም የተሳሉ ተራሮች ይመስላሉ።

ግቢ ቦታ ይበላል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ይበላል። እኔ ግን አንድ ክፍል ቀርቶብኝ፣ በቦታው ዛፍ ያለበት ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ሰማይ ባገኝ ሳላመነታ እመርጠዋለሁ።